ሶኬት ላይ የሚሰካው ሶላር፦ የት ይፈቀዳል? ስንትስ ያተርፋል?

በረንዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሽቦው እንደ ቴሌቪዥን ሽቦ ግድግዳው ሶኬት ላይ የሚሰካ የሶላር ፓኔል ማስታወቂያ በየስልካችን መዞር ከጀመረ ሰነባብቷል። ኤሌክትሪሺያን አያስፈልግም፣ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ሰክተህ ቢልህን ቀንስ ነው የሚለው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወገናችን አፓርትመንት ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ የራሳችን ጣሪያ የለንም፣ ስለዚህ ማስታወቂያው እኛን መሳቡ አይገርምም። ግን ማስታወቂያው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ደግሞ በምትኖሩበት ስቴት ይወሰናል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ልክ አይደለም። እስቲ ከመሠረቱ ጀምረን እንየው። (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጣሪያው ሶላር በምን ይለያል?

የጣሪያው ሶላር ትልቅ ሥራ ነው፣ ካምፓኒ ይመጣል፣ ጣሪያ ይለካል፣ ከከተማው ፈቃድ ይወጣል፣ ከመብራት ካምፓኒው ጋር ውል ይፈረማል፣ ኤሌክትሪሺያን ከቤቱ ዋና የብሬከር ሳጥን ጋር ያገናኘዋል፣ ወጪውም ብዙ ጊዜ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካው ግን ሁለት ወይም ሦስት ፓኔል፣ አንድ ትንሽ ኢንቨርተር እና አንድ ገመድ ነው፣ በቃ። ስትለቁ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ኢንቨርተር ምንድን ነው ለሚል፣ ፓኔሉ ከፀሐይ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው፣ የቤታችን መስመር ላይ ያለው ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው፣ ኢንቨርተሩ አንዱን ወደ ሌላው ይቀይረዋል። ከዛ በላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፣ የመስመሩን ምት እየሰማ አብሮ ይመታል። ከበሮ ሰምቶ እንደሚጨፍር ሰው አስቡት። ይቺን ምሳሌ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሶኬት እኮ ኤሌክትሪክ የምንወስድበት ነው፣ እንዴት ይሰጣል?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሮቶ ያለው ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ግን ቶሎ ይገባዋል። ከውሃ ልማት የሚመጣው መስመርም ከሮቶው የሚወርደው ውሃም የሚገቡት እዛው አንድ የቤት ቧንቧ ውስጥ ነው፣ ማድ ቤት ቧንቧ ስትከፍቱ ውሃው ከየትኛው እንደመጣ ቧንቧው አያውቅም። ከሮቶው በወረደው ልክ ከመንግሥት መስመር የምትወስዱት ይቀንሳል፣ ቆጣሪውም ያንን ያህል አይቆጥርም።

ሶላሩም እንደዛው ነው። ሶኬት ላይ ሲሰካ ቤት ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ ፍሪጁ፣ ዋይፋዩ፣ ኤሲው መጀመሪያ እሱን ይጠቀማሉ፣ የጎደለው ከውጭ መስመር ይመጣል። ፓኔሉ ከምትጠቀሙት በላይ ካመነጨ ደግሞ ትርፉ ወደ ውጭ ይወጣና ጎረቤት ይጠቀምበታል፣ ያ ለእናንተ ብዙውን ጊዜ በነፃ የተሰጠ ነው፣ ለምን እንደሆነ ስለ ገንዘቡ ስናወራ እንመጣበታለን።

መብራት ሲጠፋ ይሠራል?

አይሠራም። ይሄን በደንብ ማስመር አለብኝ ምክንያቱም ለኛ ለኢትዮጵያውያን ሶላር ማለት ድሮም መብራት ሲጠፋ የሚያበራ ነገር ነው፣ ገጠር ያሉ ቤተሰቦቻችን የሚጠቀሙበት ባትሪ ያለው ሶላር እንደዛ ስለሆነ። ይሄኛው ግን የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። ከበሮው ሲቆም ጭፈራው ይቆማል፣ የውጭው መስመር እንደጠፋ ኢንቨርተሩ ወዲያው ራሱን ያጠፋል፣ ጠራራ ፀሐይ ቢሆንም።

ይሄ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከአውሎ ነፋስ በኋላ የተበጠሰ ሽቦ የሚጠግነው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ እጁን ሲሰድ ከአንዱ ቤት በረንዳ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ቢያገኘው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ሲጠፋ በራሱ የማይቆም ኢንቨርተር በርካሽ ተገኘ ብላችሁ ሶኬት ላይ ለመሰካት እንዳትገዙ። አንዳንዱ ዕቃ ባትሪ ተጨምሮበት ይሸጣል፣ መብራት ሲጠፋ የራሱ ሶኬት ላይ ስልክና ፍሪጅ ማስኬድ የሚችል አለ፣ እሱ ግን ዋጋው ሌላ ነው።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል?

አሜሪካ ውስጥ የመብራት ሕግ በአብዛኛው የስቴት ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ አንድ መልስ የለም። ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማንኛውም ነገር ከመብራት ካምፓኒው ጋር የግንኙነት ውል ያስፈልገዋል የሚለው ደንብ በብዙ ስቴቶች አለ። ማመልከቻ ይሞላል፣ ክፍያ ይከፈላል፣ አንዳንዴ ኢንስፔክተር ይመጣል። ደንቡ የተጻፈው ጣሪያ ሙሉ ለሚሸፍን ሶላር ነው፣ ግን ሁለት ፓኔልም ሃያ ፓኔልም በዛው ደንብ ነው የሚታዩት፣ የአንድ ሺህ ዶላር ዕቃ ለመሰካት የመቶዎች ዶላር ወረቀትና የሳምንታት ጥበቃ ሲመጣ ሰው ይተወዋል። የከለከለው ሕግ ሳይኖር በወረቀት ብዛት የተከለከለ ያህል ሆኖ ቆየ ማለት ነው።

ይሄን መጀመሪያ የሰበረው ዩታ ነው። በ2025 ሬይመንድ ዋርድ የሚባሉ የሪፐብሊካን ፓርቲ የምክር ቤት አባል ኤችቢ 340 የሚባል ረቂቅ አቀረቡ፣ ምክር ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈው፣ ገዥው ስፔንሰር ኮክስ በመጋቢት ወር ፈረሙበት። ሕጉ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። እስከ 1,200 ዋት ድረስ የሚያመነጭ፣ ተንቀሳቃሽ የሆነ፣ ተራ የ120 ቮልት ሶኬት ላይ የሚሰካ ሶላር ካላችሁ የመብራት ካምፓኒው ውል ፈርሙ፣ ክፈሉ፣ ተጨማሪ ዕቃ ግጠሙ ሊላችሁ አይችልም። በምትኩ ዕቃው የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኮድ ማሟላት አለበት፣ ዩኤል በሚባለው የደህንነት መርማሪ ድርጅት ወይም በተመሳሳይ ተቋም መመስከር አለበት፣ መብራት ሲጠፋ ራሱን ማጥፋት አለበት። ወደ ውጭ ለሚወጣው ትርፍ ደግሞ ክፍያ የለም፣ ካምፓኒውም ዕቃው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ አይሆንም።

ዩታ ወግ አጥባቂ የሚባል ስቴት ነው፣ ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ፓርቲ ጉዳይ እንዳልሆነ ሲታይ ሌሎችም ተከተሉ። ኒውዮርክ ውስጥ ሴናተር ሊዝ ክሩገር ተመሳሳይ ረቂቅ አቀረቡ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴናተር ስኮት ዊነር በ2026 መጀመሪያ ላይ ኤስቢ 868ን አቀረቡ፣ ብዙ ሐበሻ ያለበት ቨርጂኒያን ጨምሮ በሌሎች ስቴቶችም ረቂቆች ቀርበዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ረቂቅ ቀረበ ማለት ሕግ ሆነ ማለት አይደለም፣ ሕግ ሆነ ማለትም ዛሬ ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም፣ ብዙ ሕግ ከተፈረመ ከወራት በኋላ ነው የሚጀምረው። ሻጩ «ስቴትህ ፈቅዷል» ካላችሁ የሕጉን ቁጥርና የሚጀምርበትን ቀን ጠይቁት፣ ከዛ ስቴቱ ምክር ቤት ገጽ ላይ ራሳችሁ እዩት።

መብራት ካምፓኒዎቹ አደጋ አለው ይላሉ፣ እውነት ነው?

ሁሉም ውሸት አይደለም። ካምፓኒዎቹ ደንበኛቸው ትንሽ ሲገዛ ገቢያቸው እንደሚቀንስ ግልጽ ነው፣ ግን የሚያነሱት የደህንነት ጥያቄ ውስጥ ትክክል የሆነ አለ፣ እሱን ሳይረዱ መሰካት አይገባም።

ብሬከር የሚባለው ነገር ግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ሥራው በበሩ የሚገባውን መቁጠር ነው፣ 15 አምፒር የተባለ መስመር ላይ ከ15 በላይ ሲገባ በሩን ይዘጋል፣ ሽቦው እንዳይግል። (አምፒር በሽቦው ውስጥ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፣ ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍሉ ይገኛል።) አሁን አንድ እሁድ እናስብ። 1,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ለኩሳችኋል፣ እሱ 12.5 አምፒር ነው። ክፍሉ ስለቀዘቀዘ እዛው መስመር ላይ 1,500 ዋት የሚወስድ ማሞቂያም አበራችሁ፣ ሌላ 12.5፣ ጠቅላላ 25 አምፒር። በተለመደው ቀን ዘበኛው ይሄን አይቶ በሩን ይዘጋል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ትበሳጫላችሁ ግን ቤቱ አይቃጠልም። አሁን እዛው መስመር ላይ 1,200 ዋት ሶላር ሰክታችሁ ከሆነስ? ሶላሩ 10 አምፒር በጓሮ በር እያስገባ ነው። ዘበኛው ያየው 15 ብቻ ነው፣ ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል። ግን ግድግዳው ውስጥ ከሶላሩ ሶኬት ወደ ዕቃዎቹ የሚሄደው ሽቦ ላይ 25 አምፒር ሊሄድ ይችላል፣ ሽቦው የተሠራው ደግሞ ለ15 ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚግል ሽቦ ማንም ሳያየው ነው የሚግለው።

አውሮፓ ውስጥ ይሄ ጉዳይ ቀለል ያለው አንደኛው ምክንያት ቮልቴጁ ነው። እዛ መስመሩ 230 ቮልት ስለሆነ 800 ዋት ሶላር የሚያስገባው 3.5 አምፒር ገደማ ብቻ ነው። አሜሪካ በ120 ቮልት ያው 800 ዋት ወደ 6.7 ይጠጋል። «ጀርመኖች ሲጠቀሙበት ምን ሆኑ» የሚለው ክርክር ጥሩ ክርክር ነው፣ ግን ይሄን ልዩነት ይዘለዋል።

ሁለተኛው ስጋት የመሰኪያው ጥርስ ነው። ገመዱን ከሶኬት ስትነቅሉት ፓኔሉ ፀሐይ ላይ ከሆነ የሚያብረቀርቁት ሁለት ብረቶች ላይ ኤሌክትሪክ ይኖራል ወይ? ጥሩ ኢንቨርተር ከመቅጽበት ያቆማል፣ ያልተመረመረው ላይ ማረጋገጫ የለንም፣ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሦስተኛው፣ በረንዳ ላይ ያለው ቴስትና ሪሴት የሚል ቁልፍ ያለው ሶኬት ነው። ያ ሶኬት ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ የሚያቋርጥ ነው፣ ብዙዎቹ የተሠሩት ግን ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ እንደሚሄድ ታስቦ ነው፣ ከኋላ ሲመጣባቸው ሥራቸውን በትክክል ላይሠሩ ይችላሉ።

ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ እንዲሆን ዩኤል 3700 የሚባል ለሶኬት ሶላር ብቻ የተዘጋጀ የምርመራ መስፈርት አውጥቷል። ከዛ በፊት ኢንቨርተሩ ለብቻው፣ ፓኔሉ ለብቻው ምስክር ወረቀት ሊኖራቸው ይችል ነበር፣ አንድ ላይ ሆነው ሶኬት ላይ ሲሰኩ ምን ይሆናል የሚለውን የሚፈትሽ ግን አልነበረም። ማስታወቂያ ላይ «ዩኤል ሰርቲፋይድ» ሲል የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቁጥር ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ሙሉው ዕቃ በዚህ መስፈርት ካልተመሰከረለት ቤተሰብ የሚተኛበት ቤት ውስጥ አልሰካውም።

ጀርመን እንዴት ይሄን ያህል ተስፋፋ?

እዛ ባልኮንክራፍትቨርክ ይሉታል፣ የበረንዳ ኃይል ማመንጫ እንደማለት ነው፣ በ2025 የተመዘገቡት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከዳቦና ከወተት ጋር ይሸጣል። የተስፋፋው መንግሥት እንቅፋቱን አንድ በአንድ ስላነሳ ነው። ከ2023 ጀምሮ የሽያጭ ታክሱን ዜሮ አደረጉት፣ በ2024 የኢንቨርተሩን የኃይል ገደብ ከ600 ወደ 800 ዋት ከፍ አደረጉ፣ ምዝገባውን አሳጥረው በኢንተርኔት የሚሞላ አንድ ፎርም አደረጉት፣ በዛው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ተከራይ በረንዳው ላይ ልስቀል ሲል አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ እንዳይል ሕግ አወጡ። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ያላችሁ ወገኖች ይቺ የመጨረሻዋ የእናንተ መብት ናት፣ ብዙ ሰው አያውቃትም።

እሺ፣ ስንት ያተርፋል?

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ተዉትና አብረን እናስላ። የመብራት ቢል የሚቆጠረው በኪሎዋት ሰዓት ነው፣ አንድ ሺህ ዋት የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚበላው ማለት ነው። 1,200 ዋት ፓኔል ጥሩ ፀሐይ ያለበት ስቴት፣ ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ጥላ ሳይኖርበት በዓመት 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል እንበል።

ዋናው ነገር ግን ስንት አመነጨ የሚለው አይደለም፣ ባመነጨበት ሰዓት እናንተ ስንት ተጠቀማችሁ የሚለው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፓኔሉ 900 ዋት እየሰጠ ቤት ውስጥ ፍሪጅና ዋይፋይ ብቻ 150 ዋት እየወሰዱ ከሆነ 750ው ወደ ውጭ ወጣ፣ ለሱ የሚከፍላችሁ የለም። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ባልና ሚስት ቤትና ማታ ፈረቃ ሠርታ ቀን ኤሲ ከፍታ የምትተኛ ነርስ ቤት ያው ፓኔል ቢሰቀል ትርፉ እኩል አይሆንም፣ የነርሷ በጣም ይበልጣል። ቀን ቤት የምትውል እናት ያለችበት፣ ወይም ልብስ ማጠቢያውን እኩለ ቀን ላይ እንዲጀምር የሚያደርግ ቤትም እንደዛው።

ከ1,500ው 70 በመቶውን ተጠቀማችሁ እንበል፣ 1,050 ማለት ነው። ዩታ ላይ ኪሎዋት ሰዓቱ 13 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ስለዚህ በዓመት 136 ዶላር። ካሊፎርኒያ 30 ሳንቲም ብንይዝ 315 ዶላር። ዕቃው 2,000 ዶላር ከሆነ ዩታ ላይ ወጪውን ለመመለስ 15 ዓመት ሊጠጋ ነው፣ ካሊፎርኒያ ላይ ስድስት ዓመት ከምናምን። ጀርመን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያነሰ ቢሆንም 800 ዋቱ 700 ኪሎዋት ሰዓት ሰጥቶ 60 በመቶውን ብትጠቀሙ፣ በ35 ሳንቲም ዩሮ ሲባዛ 147 ዩሮ ነው፣ ዕቃው ግን 500 ዩሮ ስለሚገኝ በሦስት ዓመት ተኩል ይመልሳል። እንግዲህ ሕጉን ቀድሞ የፈቀደው ዩታ መብራት ርካሽ የሆነበት ስቴት ነው፣ ትርፉ የሚታየው ደግሞ መብራት ውድ የሆነበት ስቴት ላይ ነው። የዕቃው ዋጋ አሜሪካ ውስጥ እስኪወርድ ድረስ ስሌቱ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ፓኔሉን በረንዳ ብረት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ካሰቀላችሁት ዘንበል ብሎ ከሚቀመጠው አንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ሊሰጥ ይችላል፣ ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ከሆነ ደግሞ ባትጀምሩት ይሻላል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሻጭ «30 በመቶውን በታክስ ይመልሱልሃል» ካላችሁ አትመኑ፣ ለመኖሪያ ቤት ሶላር የነበረው የፌደራል የታክስ ቅናሽ በ2025 በወጣው ሕግ ምክንያት ታኅሣሥ 31 ቀን 2025 ላይ አብቅቷል። ሁለተኛ፣ ቆጣሪያችሁን እወቁ። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ ኤሌክትሪክ ወደ ውስጥ ገባ ወደ ውጭ ወጣ ሳይለይ ሁለቱንም እንደ ፍጆታ ይቆጥራል፣ ያ ከሆነ ለጎረቤት በነፃ የሰጣችሁትን እናንተ እንደገና ትከፍሉበታላችሁ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከመሰካት በፊት ካምፓኒው ጋ ደውሎ ቆጣሪው ሁለቱን አቅጣጫ ይለያል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ተከራይ ነኝ፣ ስቴቱ ከፈቀደ ይበቃል?

አይበቃም። የዩታ ሕግ የሚያወራው በእናንተና በመብራት ካምፓኒው መሀል ስላለው ነገር ነው፣ የኪራይ ውላችሁን አያነሳም። ብዙ ሊዝ ላይ በረንዳ ላይ ምንም አይሰቀልም የሚል መስመር አለ፣ ኮንዶ ከሆነም ኤችኦኤው፣ ማለትም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር፣ የራሱ ደንብ አለው። አከራዩን ስትጠይቁ በቃል አይሁን፣ ኢሜይል ላይ ይሁን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በቃል የተፈቀደልኝን የበረንዳ ዕቃ ማኔጀር ሲቀየር በሦስት ቀን አንሣ ተብዬ አውቃለሁ፣ ወረቀት ስላልነበረኝ የምለው አልነበረም። ማሰሪያውም ከባድ ነገር ነው፣ አንድ ፓኔል 20 ኪሎ ይሆናል፣ ስፋቱ ደግሞ ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ በፕላስቲክ ገመድ የታሰረ ፓኔል ከታች ለሚያልፍ ሰው ምን እንደሆነ አስቡት። የተከራይ ኢንሹራንስ ካላችሁም ደውላችሁ አሳውቋቸው።

ገዝቼ አዲስ አበባ ልላከው?

ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቃል። የአሜሪካው ዕቃ 120 ቮልትና 60 ምት ነው፣ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ምት ነው፣ ስለዚህ ከበሮው ሌላ ስለሆነ ኢንቨርተሩ ጭራሽ አይነሳም። የጀርመኑ በቮልቴጅም በምትም ይቀራረባል፣ መሰኪያውም ይገባል፣ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል፣ እናታችሁ ደግሞ ሶላር የምትፈልገው በዛች ሰዓት ነው። ሳያስፈቅዱ መስመር ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅም ምሰሶ ላይ ለወጣ ሠራተኛ ስጋት ነው። ለቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ ባትሪ ያለው፣ ከመስመሩ ጋር ሳይገናኝ ለብቻው የሚሠራ ሶላር ነው የሚያስፈልጋቸው፣ እሱን ደግሞ እዛው አገር ቤት የሚገጥምና ሲበላሽ የሚጠግን ባለሙያ ስላለ ገንዘቡን መላክ ዕቃውን ከመላክ ይሻላል።